ጥንቸል ከጓሮ ለማባረር ውሻ ግድ አይደለም

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ጓሮ ያላችሁ፣ ጎመኑን ጥንቸል እየጨረሰባችሁ ከሆነ ይቺን ስሙኝ። ጥንቸል የምትበላው ማታ ነው፤ ቀን ቀን ሣር ወይ ቁጥቋጦ ሥር ለጥ ብላ ትተኛለች፣ እግራችሁ ሥር ሆና እንኳን ላታዩዋት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሦስት አራት ጓደኛ ጥሩና ተራርቃችሁ በመስመር፣ ከጓሮው ወደ ዳገቱ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ዋናው ዘዴ እየሄዱ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ነው! ስትራመዱ ዝም ትላለች፣ ስትቆሙ ግን የታየች ስለሚመስላት ትፈተለካለች። የላዩን በኩል ክፍት ተዉላት። የኋላ እግሯ ረጅም ስለሆነ ዳገት ትወዳለች፣ በዚያው ትሄድላችኋለች።

ውሻ ከወሰዳችሁ በገመድ ያዙት፣ አለበለዚያ የሰው በግ ላይ ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አስወጉት። ማንንም ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

መግደል ግን ይቅር፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ስታባርሩ ጎን ለጎን አጥሩን ከሥር በእሾህ ድፈኑት፣ ካልሆነ ማታውኑ ትመለሳለች።