የከሳ ድንጉጥ ውሻን በጤና ማወፈር

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን ባሉ ሰፈሮች፣ ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው። ሌሊቱን የጅብ ድምፅ፣ የአላፊ አግዳሚ ኮቴና የጎረቤት ውሾች ጩኸት ሲያባንኑት ያድራሉ፤ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። እንዲህ ያለው ውሻ ሲከሳ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ምግብ መጨመርን ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ሆዱ ውስጥ ትል ያለበት ውሻ የበላውን ለትሉ ይገብራል፣ በፍርሃት የሚኖር ውሻም ወይ በቅጡ አይበላም፣ ወይ የበላውን ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ እርጋታው ይከተል፣ የምግቡ ጭማሪም ከእነዚህ ጋር ይሂድ እላለሁ።

ክሳትን በዓይን ብቻ መገመት ያሳስታል፤ በተለይ ጠጉሩ ረዘም ያለ ውሻ ከስቶም ሙሉ መስሎ ሊታይ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች የውሻን ገላ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይለካሉ፤ 4 እና 5 ተስማሚ ሲሆኑ ከ1 እስከ 3 ያሉት ክሳትን ያመለክታሉ። በቤትዎ ለመለየት እጅዎን በጎድን አጥንቱ ላይ በቀስታ ያሳልፉ። ጣቶችዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ ሲዳስሱ የሚሰማዎትን ያህል ከተሰማዎት ደህና ነው፤ እጅዎን ጨብጠው የጣቶችዎን አንጓ ሲዳስሱ እንደሚሰማዎት ከሆነ ግን ውሻው ከስቷል። አከርካሪውና የዳሌው አጥንት ከሩቅ የሚታይ ከሆነ፣ የጭኑም ጡንቻ ከሟሸሸ፣ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚፈትሸው የሆድ ትላትልን ነው። ወስፋት፣ የኮሶ ትልና አንጀት ላይ ተጣብቀው ደም የሚመጥጡ ትሎች በውሾች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፤ ደም መጣጮቹ ሲበዙ የውሻው ድድ ይገረጣል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ከዚህ ሌላ በመዥገር የሚተላለፉ የደም በሽታዎች፣ የተበላሸ ጥርስ፣ እከክ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም ሁሉ ያከሳሉ። ውሻው በጣም ድንጉጥ ከሆነ በመኪና ጭኖ መውሰዱ ራሱ ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት የወጣ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ አድርጎ ለምርመራ ማድረስ፣ ወይም ሐኪሙ ወደ ቤት እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል። በቅርብ የሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ከሌለ፣ በተለይ በገላንና በአቃቂ አቅጣጫ ለሚኖር ሰው፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አንዱ አማራጭ ነው።

ለበግና ለከብት የተገዛውን የትል መድኃኒት ቀንሶ ለውሻ መስጠት በዳርቻው ሰፈሮች የሚታይ ልማድ ነው፤ ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን መርፌ ለትልቅ እንስሳ የተመጠነ ስለሆነ በግምት ለውሻ ሲሰጥ ነርቭን ሊመርዝ ይችላል። የትሉ ዓይነት ሳይታወቅ የሚሰጥ ኪኒንም ሊስት ይችላል፤ ለምሳሌ የኮሶ ትልን የሚያጠፋው ፕራዚኳንቴል ወስፋትን አይነካም። ለወስፋት የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ በአንድ ጊዜ ስለማያበቃ፣ በመድኃኒቱ ጊዜ ገና ያልደረሱት ትሎች ሲያድጉ ለመያዝ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል።

ከምርመራው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሰጠቱን ያረጋግጡ። ክትባቱ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ተጀምሮ በሐኪሙ መርሐ ግብር መሠረት በየጊዜው ይታደሳል። ውሻው በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረ፣ ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮ ይሆናል ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ከሰውና ከእንስሳ ለይተው ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

አሁን ወደ እርጋታው እንምጣ። የፈራ ውሻ ጅራቱን እግሮቹ መካከል ይወሽቃል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፤ ዓይኑን ሲያዞርም ነጩ ጎልቶ ይታያል። አንዳንዱ ምግቡን አንድ ጉርሻ ወስዶ ይሸሻል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ዞር እስኪል ሳህኑን አይነካም። ይህ ቅብጠትም ምግብ መምረጥም አይደለም፤ ቆሞ ለመብላት የሚበቃ መተማመን ማጣት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ማደሪያው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ቀላል አይደለም፤ ስብ የሌለው ውሻ ገላውን ለማሞቅ ብቻ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ማደሪያው ከመሬት በጣውላ ወይም በድንጋይ ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ ከነፋስና ከግቢው በር የዞረ፣ ስፋቱም ውሻው ተነሥቶ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ ከዚያ የሰፋ ጎጆ ሙቀት አይዝም። ወለሉ ላይ ደረቅ ገለባ በወፍራሙ ይነስነስ። ብርድ ልብስ በክረምት እርጥበት ይዞ ስለሚቀዘቅዝ ገለባው ይሻላል፤ ቁንጫ እንዳያፈራም በየጊዜው ይለወጥ። የአጥሩ ቀዳዳና የበሩ ሥር ክፍተት ይደፈን፤ ጅብ ውሻን ይበላልና የውሻው ፍርሃት መሠረት አለው።

ሰንሰለቱ ሁለተኛው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፤ ይህም ድንጉጥነቱን ያባብሰዋል። የግቢው ጓሮ በቆርቆሮ ወይም በሽቦ ተከፍሎ ልቅ የሚሆንበት ትንሽ ቦታ ቢሰጠው ከሁሉ ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ማሰሪያው ረዘም ብሎ ማደሪያው ውስጥ የሚያስገባው ይሁን፣ የሚታሰርበትም ሰው ከማይተላለፍበት ጥግ ይሁን።

ሦስተኛው የአመጋገቡ ሥርዓት ነው። ምግቡን የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፤ የቤቱ ልጅም ይሁን ጥበቃው፣ ሰዓቱና ቦታው እንዳይለወጥ። ሌሎች ውሾች ካሉ እርስ በርስ በማይተያዩበት ይመገቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚከሳው ጉልበተኛው ጓደኛው ሳህኑን የሚነጥቀው ውሻ ነው። ምግቡን አስቀምጠው ፊት ለፊት ሳያፈጡበት፣ ጎንዎን ሰጥተው ራቅ ይበሉ። ጊዜ ካለዎት ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ውሻው እርስዎ ባሉበት መብላት ሲለምድ ርቀቱን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ያጥብቡት። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ያንሡ፤ እየበላ ሳለ ግን ሳህኑን መንካት፣ መቆጣት ወይም ለማባበል ብሎ መጨናነቅ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል። ምግቡን ለብ አድርጎ ማቅረብ ሽታውን ስለሚያጎላው ፈሪውን ውሻ ይጋብዘዋል። የነጎድጓድ ምሽት፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት፣ የደመራ ግርግር ሲጠበቅ ደግሞ ጀምበር ሳትጠልቅ ያብሉት።

የጠገበ ውሻ አይጠብቅም የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ፤ የራበው ውሻ ሌባ በአጥር የወረወረለትን መርዝ ያለበት ሥጋ ከሌላው ቀድሞ የሚያነሣ ነው።

ምግቡን ስንመጥን የምንነሣው ውሻው አሁን ካለው ክብደት ሳይሆን ሊኖረው ከሚገባው ነው። ቀላሉ ስሌት ተገቢውን ኪሎ በ30 አባዝቶ 70 መደመር ነው፤ ይህም ውሻው ተኝቶ ሲውል የሚያስፈልገውን ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለምሳሌ 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ነገር ግን 20 ኪሎ ሊሆን የሚገባው ውሻ 670 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል። እንዲወፍር ይህን በ1.4 ማባዛት ጥሩ መነሻ ስለሆነ በቀን 940 ገደማ ያስፈልገዋል። በቤት ምግብ ሲሰላ 400 ግራም የተቀቀለ ሩዝ 520፣ 150 ግራም የተቀቀለ ቀይ ሥጋ 300 ገደማ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጡ ድምሩ እዚያው ይደርሳል። የታሸገ ደረቅ የውሻ ምግብ መግዛት ለሚችል በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ስለሚገኝ 250 ግራም ገደማ ያንኑ ይሞላል።

በሩዝና በሥጋ ብቻ የሚኖር ውሻ ካልሲየም ያጥረዋል። የእንቁላል ቅርፊት አፍልቶ፣ አድርቆና እንደ ዱቄት አልሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቀን መጨመር 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል፤ ከላይ ለጠቀስኩት ውሻ የሚበቃ ነው። የታሸገው ምግብ ግን ካልሲየሙ የተሟላ ስለሆነ ቅርፊት አይጨመርበትም። ጉበት ጠቃሚ ቢሆንም ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከምግቡ ጥቂት እጅ ብቻ ይሁን። አይብና እርጎ በመጠኑ ይስማማሉ፤ ያልረጋ ወተት ግን ብዙ ያደጉ ውሾችን ያስቀምጣቸዋል። በየቤቱ የተለመደው የፍሩሽካ ገንፎ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። ከወፍጮ ቤት በርካሽ የተገኘ፣ የሻገተ የበቆሎ ዱቄትማ ጨርሶ አይነካ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ይገድላል።

አዲሱ ምግብ ከቀድሞው ጋር እየተቀላቀለ በ7 ቀን ውስጥ ይተካ፤ የዕለቱም ድርሻ በ3 ወይም በ4 ይከፈል። ከመንገድ የተነሣ፣ ለ5 ቀንና ከዚያ በላይ እህል ያልቀመሰ ውሻ ከሆነ ግን ሳህኑን መሙላት ሊገድለው ይችላል፤ ተርቦ የቆየ ገላ በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወርድና ልብን ያውካል። እንዲህ ያለው ውሻ በሐኪም ክትትል፣ ተኝቶ ሲውል ከሚያስፈልገው ኪሎ ካሎሪ ከሩብ እስከ ሢሶ ባለው ጀምሮ በበርካታ ቀናት ከፍ ይደረግለታል።

የጾም ወራት የራሱ ዝግጅት አለው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በብዙ ሰፈር ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ በቤትም ሥጋ ማብሰል የማይፈልጉ አሉ። ማቀዝቀዣ ያለው አስቀድሞ ቀቅሎና በየቀኑ ልክ ከፍሎ ቢያስቀምጥ፣ ለውሻውም የራሱ ድስት ቢለይለት ችግሩ ይቃለላል። ያለበለዚያ እንቁላልና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ክፍተቱን ይሸፍናሉ።

በበዓል ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በፋሲካ፣ በገናና በአረፋ በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጣላል። ይህ ከረጢት የኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከሰገራው የሚወጣው እንቁላልም በእጅና በአትክልት አድርጎ ወደ ሰው ይገባና በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው የሆድ ዕቃ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ ጤነኛ የሚመስለውም ከ40 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ተቀቅሎ ይሰጥ። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚበሳ አይሰጥ። ጮማና ቅቤም ቶሎ ያወፍራል ተብሎ በብዛት ሲሰጥ ቆሽትን ያስቆጣል።

እንጀራ ራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ያለው ወጡ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካም መርዝ ናቸው። ለማረጋጋትም ሆነ ሕመም ለማስታገሥ በሚል የሰው ኪኒን፣ በተለይ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል፣ አይስጡ። ፍርሃቱ በማደሪያና በሥርዓት ካልበረደ ለውሻ የሚታዘዝ መድኃኒት አለና ሐኪሙን ያማክሩ።

ውሻውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከመብላቱ በፊት፣ ይመዝኑ፤ ታቅፈውት ሚዛን ላይ ወጥተው የራስዎን ኪሎ መቀነስ ይበቃል። መታቀፍ የሚያስፈራው ከሆነ ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ በገመድ ለክተው ምልክት ያድርጉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ምግቡን በአሥር በመቶ ይጨምሩ፤ ሰገራው ከቀጠነ ስቡን ይቀንሱ። ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ በማሰሪያ አጭር ጉዞ ማድረግ የተጨመረው ኪሎ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም እንዲሆን ይረዳል። በደንብ እየበላ የማይወፍር፣ ሰገራው የገረጣና ቅባት የበዛበት፣ ወይም ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ ውሻ ካለዎት ምግብ መጨመሩን ትተው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ የቆሽት ድክመት ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ተገቢው ክብደት ላይ ሲደርስም ጭማሪው በአንድ ቀን አይቋረጥ፤ ኪሎው ባለበት የሚጸናበት ልክ እስኪገኝ ድረስ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይቀነስ።