ቮልሳችሁ መንገድ ላይ ጥፍት እያለ ካስቸገራችሁ እንዲህ ፈልጉት

የድሮ ቮልስ የያዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ መገናኛ ጭንቅንቁ ውስጥ ወይ ቸርችል ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ጥፍት ይልና ከኋላ ጥሩምባው ይጀምራል። ከዛ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ነው ይላል፣ አንዱ የቤንዚን ፖምፓ ነው ይላል፣ ባለመኪናው እቃ እየገዛ ይቀያይራል፣ መኪናው ግን ያው ነው። እኔ የምላችሁ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በጠፋበት ደቂቃ የጎደለው እሳት ነው ወይስ ቤንዚን? ይሄ የሚታወቀው ደግሞ እዛው እንደጠፋ ነው እንጂ ማታ ግቢ ውስጥ ቀዝቅዞ በአንዴ ሲነሳ አይደለም።

ስለዚህ ሲጠፋ ቶሎ ብላችሁ አታስነሱት። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዳር አውጡትና ቁልፉን ሳትዘጉ ዳሽቦርዱን እዩ። የቻርጅና የዘይት መብራት በርተው ከሆነ ከቁልፉ መብራት እየመጣ ነው። ድርግም ብለው ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን እርሱት፣ ቁልፉን ወዲህ ወዲያ ነቅነቅ አድርጉ፣ ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ጋ ወይም ላላ ያለ ሽቦ ላይ ነው። እና ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍታችሁ ብዙ አትቆዩ፣ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለእሳቱ ከፍ የሚያደርገው) ይግላል፣ ፑንቲናውም (እየተከፈተች እየተዘጋች እሳቱን የምታስነሳው) ይቃጠላል።

ከዛ ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ጋ። የአየር ፊልትሮውን አንሱ (ዘይት ያለበት ከሆነ ሳታዘነብሉ፣ አለበለዚያ ዘይቱ ሞተሩ ላይ ይፈሳል) እና የካርቡሬተሩን አፍ ወደ ውስጥ እያያችሁ የነዳጅ ማንሻውን (ነዳጅ ስትረግጡ የሚንቀሳቀሰውን) በእጃችሁ ሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ካለ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ካላለ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም። በቃ፣ ግማሹ ስራ አለቀ።

ቤንዚን ካለ እሳቱን እዩ። መጀመሪያ ፊልትሮውን መልሱ፣ የፈሰሰ ቤንዚን ካለም ጥረጉ። ከኮይሉ የሚመጣውን መሀለኛውን ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ክዳን ንቀሉና እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ከሞተሩ ብረት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ከካርቡሬተሩም ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ይምታላችሁ። ሰማያዊ ወፍራም እሳት ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይ ጭራሽ ከሌለ ችግሩ እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ካርቡሬተር እየተባለ ከሚፈታታው ውስጥ ብዙው የመብራት ችግር ነው። መጀመሪያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱና ፑንቲናውን እዩ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ግን ካሙን የምትነካው ፕላስቲክ እየተበላች ስትሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ስለዚህ አምና የተስተካከለ ዘንድሮ አይሰራም። አንዱ ጫፍ ላይ ጉብታ ሌላው ላይ ጉድጓድ ካያችሁ ኮንደንሰሩን (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቃትን ትንሽ እቃ) ጠርጥሩ። ኮንደንሰር ተንኮለኛ እቃ ነው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና ይሰራል፣ ሲግል ይሞታል፣ ግማሽ ሰአት ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ኮይልም እንደዛ ያደርጋል። አዲስ የሚሸጠው ኮንደንሰር ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ አሮጌ ግን የሚሰራ ካላችሁ አትጣሉት፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። ኮይል ስትገዙ ደግሞ ቮልቱን እዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሰሩት አብዛኞቹ 6 ቮልት ናቸው፣ ከነሱም ብዙዎቹ በኋላ ወደ 12 ተቀይረዋል።

መብራት ከቁልፉ ወደ ኮይሉ መድረሱን ለማየት ከባትሪው ፖዘቲቭ ኮይሉ ላይ 15 ተብሎ ወደተጻፈበት ጫፍ ቀጥታ ሽቦ ዘርጉ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው። እንዲህ አድርጋችሁ መጥፋቱን ካቆመ ኮይሉ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ቁልፉ ወይ ሽቦው ነው። ይሄ ለመፈተኛ ብቻ ነው፣ ቁልፍ ብታወጡም ሞተሩ አይጠፋም። የባትሪውንም ክዳን መልሱ፣ የወንበሩ ሞላ ባትሪውን ከነካ እሳት ያስነሳል።

አሁን ቤንዚን ያልደረሰ ከሆነ። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ፊት፣ ሞተሩ ኋላ፣ ቱቦው መኪናውን አቋርጦ በሆዱ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የሚዘጋበት ቦታ ብዙ ነው። መጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ክፈቱ፣ ፊሽ ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተዘግቷል ማለት ነው፣ ትንሽ ሄዶ ጥፍት፣ ትንሽ አርፎ ደግሞ መነሳት የዚህ ባህሪ ነው። ቀጥሎ የኮይሉን መሀለኛ ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅላችሁ ብረት ላይ አስሩት፣ ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ጎማ ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ሞተሪኖውን አስመቱ። ቤንዚኑ በየምቱ ጠንከር ብሎ መውጣት አለበት። ከደከመ የፖምፓውን ወንፊት አጥቡ፣ ብዙ ዘመን የቆመ መኪና ዝገቱን እዛ ነው የሚያጠራቅመው። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ያንን ጠርሙስ ትንሽ አስቀምጡት፣ ውሃ ካለው ከስር ለብቻው ይታያል።

የእኛ ሀገር ልዩ ነገር ደግሞ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እንኳን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ቤንዚንም እንደዛው ቶሎ ይተናል። እንጦጦን ወጥታችሁ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ስትመለሱ አልነሳም ካለ፣ ፖምፓውና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ ከተነሳ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተንኖ ነበር። መድሃኒቱ ሌላ ፖምፓ መግዛት አይደለም፣ ሞተሩን ዙሪያውን የሚከቡትን ቆርቆሮዎችና የጠርዙን ጎማ እዩ፣ የሆነ ጋራዥ "ይሄ አያስፈልግም" ብሎ አውጥቶት ሊሆን ይችላል። እነሱ ከሌሉ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የቺንጋውን (የቀበቶውን) መላላትም እዩ፣ ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው እሱ ነው።

አየሩም ስስ ነው፣ ባህር ጠረፍ ካለው ወደ ሶስት አራተኛ ገደማ፣ ስለዚህ ለታች አገር የተለካ ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው ቀዳዳ ያላት ብሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱን የሚያወጣውን) ስትፈቱ እንደ ጥቀርሻ ጥቁር ከሆነ ይሄን አስቡ፣ ግን ከዛ በፊት ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሲሞቅ መከፈቱን አረጋግጡ፣ የኤሌክትሪክ ቾክ ሽቦው ከተነቀለ እንደተዘጋ ይቀራል።

ክረምት ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ጉድ አለ። በዝናብ ጠዋት እንደጠፋ ቶሎ ክፈቱና ከካርቡሬተሩ ስር ያለውን ቱቦ ንኩት፣ ነጭ አመዳይ ይዞ ታገኙታላችሁ። ካርቡሬተሩ ውስጥም በረዶ ሰርቷል ማለት ነው። ከስሩ ያለችው ማሞቂያ ቀጭን ቱቦ በጥቀርሻ ስትደፈን ነው የሚመጣው። ሞተሩ ሲሰራ ሁለቱም ጫፎቿ በጣም መጋል አለባቸው፣ አንዱ ከቀዘቀዘ ተደፍናለች።

በሩጫ ደህና ሆኖ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ላይ ነው። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ሽቦ ያላት ቫልቭ ካለች ቁልፍ ስትከፍቱ ቀጭ ማለት አለባት፣ ካላለች ሚኒሞ የለም። ከዛ የሚኒሞውን ጂግለር ፈታችሁ በአየር ንፉ፣ በሽቦ ግን አትውጉት። አሁንም ካልቆመ ሞተሩ እየሰራ የማኒፎልዱን (ከካርቡሬተሩ ስር ያለውን ቱቦ) መገጣጠሚያና የካርቡሬተሩን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ዙሪያ ውሃ እርጩ፣ ድምፁ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን አትርጩ፣ የሚያደርግ ሰው አለ። የሞተሩ ቫልቮች ክፍተትም ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ሲጠብ ሚኒሞውን ይረብሸዋል።

ሁሉንም ጨርሳችሁ ስትዘጉ ደግሞ ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የምትገባበትን የነሐስ ቱቦ በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉ። በግፊት ብቻ የገባች ናት፣ ከላላች ትወጣና ቤንዚኑን ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ታፈሳለች፣ ከተቃጠሉት ቮልሶች ስንቱ በዚች ነው የሄደው። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦም እዛው ቀይሩ፣ እሳት ማጥፊያውን ከፊት ኮፈን ሳይሆን ከወንበራችሁ አጠገብ አስቀምጡ።