ሙቀትን በጆሯችሁ እንዴት ትሰሙታላችሁ?

ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጣሪያው ጧ! ጧ! ይላል። ልጅ ሆኜ ሰው የሚራመድበት ይመስለኝ ነበር። ቀን ግሎ የተለጠጠው ቆርቆሮ ማታ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ምስማሩ ግን ጨምድዶ ይዞታል። ውጥረቱ ይጠራቀምና በድንገት ሸርተት ሲል ንዝረቱ ጣሪያውን ያዳርሰዋል።

"በድንገት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሙቀት ቀስ ብሎ ከመጣ ቁሱ እየተለጠጠ ያስተናግደዋል። ቶሎ ከመጣ ግን የጋለው ክፍል ልስፋ ሲል ያልጋለው ጎረቤቱ ቦታ አይለቅለትም። ስለዚህ ይገፋዋል፤ የተገፋውም ቀጣዩን ይገፋል። ሞገድ ተወለደ ማለት ነው።

እስቲ ቤት ውስጥ እንሞክረው።

1. የማርማላታ ጠርሙስ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ክዳኑን በምስማር ብሱት።

2. ሻማ ለኩሱና የጠርሙሱን አንድ ጎን በውስጥ በኩል ጥላሸት አልብሱት። ወደ ሌላው ጎን ያለፈውን በጨርቅ ጥረጉት፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ጠርሙሱ ስለሚግል ሲበርድ ክደኑት።

3. ባለሽቦውን የድሮ ቢጫ አምፖል አብሩ። ከ25 እስከ 60 ዋት ይበቃል። ትልቅ ዋት አይሻልም፤ ወፍራም ሽቦ ቶሎ አይበርድም፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ቶሎ የሚግልና የሚበርድ ነው።

4. ንጹሑን ጎን ወደ አምፖሉ አዙሩ፤ አታስነኩት። ጸጥ ባለ ክፍል ጆሯችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉ።

ቀጭን "እምምም" ትሰማላችሁ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነና በየዙሩ ሁለቴ ስለሚበረታ የአምፖሉ ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል (አሜሪካ ያላችሁ 120)። ጥላሸቱም አብሮ ይግላል፣ ይበርዳል፤ አጠገቡ ያለውን አየር ያስፋፋል፣ ያኮማትራል። አሁን ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አውጡት። ፀሐይ ከአምፖሉ ስንት እጥፍ ትበረታለች፤ ግን አትቆራረጥም። ስለዚህ ዝም።

የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1880 እ.ኤ.አ. ያደረገው የፀሐይን ጨረር መቆራረጥ ነበር። ባለቀዳዳ ሰሃን እያሽከረከረ ጨረሩን ጠጣር ነገሮች ላይ ሲጥል ድምፅ ሰጡት።

ብረት ውስጥ ሞገዱን ለመፍጠር ግን ከአምፖል እጅግ የፈጠነ ሙቀት ያስፈልጋል። እዚህ ሌዘር ይገባል። የብርሃን ምቱ 10 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ብቻ ይቆያል እንበል። በዚያች ቅጽበት ሙቀቱ ብረቱ ውስጥ 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) እንኳ አይገባም፤ ድምፅ ግን 60 ማይክሮሜትር ገደማ ይሄዳል። ሞገዱ ሙቀቱን ጥሎት ሮጠ። ፍጥነቱ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብረት ደርሶ ለመመለስ 3.4 ማይክሮሰከንድ (ማይክሮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይበቃዋል። መሃል ላይ ስንጥቅ ካገኘው ቀድሞ ይመለሳል።

የብረት ቱቦ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም በዚሁ መንገድ፣ ቱቦው ገና ፍም መስሎ ሲያልፍ፣ ሳይነኩት የግድግዳውን ውፍረት ይለካሉ።