ሴሉ አልታይ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

«ቲቸር፣ የኔ ሴል ተበላሽቷል!»

ደሴ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ሳልሰማ ያለፈ የቤተ ሙከራ ቀን ትዝ አይለኝም። ሄጄ አያለሁ። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ሴሉ ውሃ አጥቷል፣ ወይም አየር ገብቶበታል፣ ወይም ተማሪው በዚህ ማይክሮስኮፕ ጭራሽ የማይታይ ነገር እየፈለገ ነው። የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተማሪው ስላይዱን፣ ሴሉ ያለበትን ትንሽ መስታወት፣ ይተውና መጽሐፉን ገልጦ ከዚያ ይስላል። ዓይኑ ስር ያለውን ትቶ ሌላ ሰው የሳለውን ይገለብጣል።

ለዚህ ነው የሚያጋጥሙንን ችግሮች ከነምክንያታቸው ልጽፋቸው የተነሳሁት። በአማርኛ ህዋስ እንላለን፤ ክፍል ውስጥ ግን ሁላችንም ሴል ነው የምንለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ብዙ ጊዜ የምናየው የሽንኩርት ሴል ነው፤ ሽንኩርቱ ከሰኞ ገበያ ነው። ሴሉን የምንቀባበት አዮዲን ከፋርማሲ ነው። ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም።

«ጨለማ ብቻ ነው የሚታየኝ»

ይሄ የብርሃን ችግር ነው። ኦብጀክቲቩ፣ ከስላይዱ በላይ ያለው ሌንስ፣ ቀጭ ብሎ ቦታው ካልገባ ብርሃን አያልፍም። ስላይዱ ከሚቀመጥበት ስቴጅ ስር ያለው የብርሃን መቆጣጠሪያ፣ ዲያፍራሙ፣ ተዘግቶም ይሆናል። ባለመስታወት ማይክሮስኮፕ ከሆነ መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዙሩት። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም! ዓይን ያጠፋል። መብራት በጠፋ ቀን የሚሠራልን ይሄው ባለመስታወቱ ነውና አርጅቷል ብላችሁ ጥግ አትጣሉት።

ብርሃኑ ኖሮ ሁሉም ነገር ጉም የለበሰ ከመሰለ የደሴን ብርድ ጠርጥሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ማለዳ ላይ ሌንሱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሻችን ይቋጥርበታል። በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በጋውናችሁ ጫፍ አትጥረጉ፤ አቧራው ሌንሱን ይቧጭረዋል።

4 እና 10 እጥፍ በሚያጎላው ኦብጀክቲቭ ጥሩ ታይቶ በ40ው አልጠራ ካለ ደግሞ ስላይዱ ተገልብጦ ይሆናል። ሴሉን የሚሸፍነው ስስ መስታወት፣ ከቨር ስሊፑ፣ ከላይ መሆን አለበት። ሁልጊዜ ከ4 ጀምሩ። ከ40 የሚጀምር ተማሪ ወይ ምንም አያይም፣ ወይ መስታወት ይሰብራል።

«ብዙ ክብ ሴል አየሁ»

ጠርዛቸው ወፍራምና ጥቁር፣ ውስጣቸው ባዶ፣ ፍጹም ክብ? የአየር አረፋ ናቸው። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ አረፋውን አሳምሮ ስሎ፣ «ኑክሊየስ» (የሴሉ አዛዥ ክፍል) ብሎ ቀስት አስገብቶበት ያመጣልኛል። ለማረጋገጥ ከቨር ስሊፑን በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት። አረፋ ይንሸራተታል፣ ቅርጹን ይቀይራል። የሽንኩርት ሴል ግን እንደ ግንብ ጡብ ተደርድሮ ባለበት ይቆያል።

መፍትሄው አወራረዱ ላይ ነው። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጎኑ ውሃው ላይ አስነክታችሁ፣ ሌላውን ጎን በመርፌ ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት። ከላይ ዝም ብሎ የተጣለ ከሆነ አየሩ መውጫ ያጣል።

ሴሎቹ ተደራርበው ከታዩ ደግሞ ከሽንኩርቱ የላጣችሁት ስስ ሽፋን ታጥፏል ወይም ወፍራም ነው። ሌላ ላጡ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

«የኔ ሴል ኑክሊየስ የለውም»

አለው። ግን አልተቀባም ይሆናል። ኑክሊየስ ያለ ቀለም ከሌላው የሴሉ ክፍል ብዙም አይለይም። አዮዲን ጠብ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ተማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ተቀብቶም ካልታየ ምስሉን የሚያጠራውን ትንሹን ማስተካከያ ወደፊትና ወደኋላ አዙሩ። ሴል ወረቀት አይደለም፣ ጥልቀት አለው። የሽንኩርት ሴል መሃሉን የያዘው ቫኪዩል የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ ኑክሊየሱ ብዙ ጊዜ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ነው የሚገኘው። አንዱ ሴል ላይ ከላይ፣ ሌላው ላይ ከታች ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሁሉም አይጠሩም።

«ሴሉ ከግድግዳው ተላቆ መሃል ላይ ተኮማተረ»

እዚህ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም ችግሮች የምወደው ይሄኛውን ነው።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ጠራችኝ። ከቀይ ሽንኩርት ነበር ያዘጋጀችው። ደረቁን ልጣጭ ማለቴ አይደለም፤ ከወፍራሙ ሥጋ በውጭ በኩል ተልጦ የሚወጣውን ወይን ጠጅ ስስ ሽፋን ነው። የጓደኞቿ ሴሎች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀለም ሞልቷቸዋል። የእሷ ግን ቀለሙ ከግድግዳው ሸሽቶ መሃል ላይ ኳስ መስሎ ተሰብስቧል። ዙሪያው ባዶ ነው።

«አበላሸሁት መሰለኝ» አለች።

«አብሽሪ» አልኳት። «ውሃውን ከየት አመጣሽው?»

ጠረጴዛው ዳር ከነበረው ብርጭቆ ነው የቀዳችው። እሱ ደግሞ ጠዋት ሌላ ክፍል ድንች የነከረበት የጨው ውሃ ነበር።

ምክንያቱ ይሄውላችሁ። የሽንኩርት ሴል ሁለት አጥር አለው። የውጩ ሴል ዎል፣ ማለትም ግድግዳው ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ወንፊት ነው፤ ውሃውም ጨውም ያልፉበታል። ከእሱ ቀጥሎ ሴል ሜምብሬን የሚባል በጣም ስስ ሽፋን አለ። እሱ ይመርጣል። ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውን በቀላሉ አያሳልፍም። ውጭው ጨው ሲበዛበት ውሃው ከሴሉ እየወጣ ወደዚያ ይሄዳል። ኦስሞሲስ የምንለው ይሄንን ነው። ቫኪዩሉ ይጎድላል። ወይን ጠጁ ቀለም ያለው እዚያው ቫኪዩል ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይሰበሰባል። ሜምብሬኑ ተከትሎ ይሸሻል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም።

መፍትሄውን አብረን ሠራነው። በከቨር ስሊፑ አንድ ጎን ንጹህ ውሃ ጠብ አደረገች። በሌላኛው ጎን የሶፍት ቁራጭ አስጠጋች። ሶፍቱ የጨው ውሃውን ይስባል፣ ንጹሁ በቦታው ይገባል። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ዓይኗን ከሌንሱ አልነቀለችም። ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ቀስ እያለ መንፋት ጀመረ። ግድግዳውን ነካ። «ተመለሰ! ተመለሰ!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ በሙሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ።

ልብ በሉ፣ ያ ሴል በሕይወት ስለነበረ ነው የተመለሰው። ጨው ውስጥ ብዙ ከቆየ ወይም ጨው ከበዛበት ሜምብሬኑ ይጎዳል፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ አያድነውም። አዮዲንም ሴሉን ይገድለዋል። ስለዚህ ይህን ሆን ብላችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ አዮዲን አታስገቡ። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሜምብሬኑ ውፍረት ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም። አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ከ100,000 በላይ መደርደር አለበት። በእኛ ማይክሮስኮፕ ራሱን ልታዩት አትችሉም። ጨው ሲነካው ግን የቀለሙ ጠርዝ የት እንዳለ ያሳያችኋል።

ቤት ውስጥም ታውቁታላችሁ። ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋችሁ ጨው ነስንሳችሁ ከቆያችሁ ሳህኑ ውሃ ይቋጥራል። ቋንጣ የሚደርቀው በነፋስ ብቻ አይደለም፤ ጨውም ውሃውን ይስበዋል። ባክቴሪያ ስታርፍበትም ጨው የራሷን ውሃ ይነጥቃታል። የጠወለገ ሰላጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀና የሚለው ደግሞ ልክ የተማሪዬ ሽንኩርት ባደረገው መንገድ ነው።

«ጥሩ ነበር፣ ሳስረዳ ደረቀ»

ይሄ በተለይ የኮምቦልቻ ችግር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ግን ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሙቀቷ ስላይዱን ቶሎ ያደርቀዋል። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ ስላይዱን አዘጋጅቶ ማብራሪያውን ሳይጨርስ ውሃው ያልቅበታል። መፍትሄው ቀላል ነው። ማብራሪያውን አስቀድሙ፣ ስላይዱን በመጨረሻ አዘጋጁ፣ በየመሃሉ በከቨር ስሊፑ ጠርዝ አንድ ጠብታ ጨምሩ።

የደረቀውን ግን ከመጣላችሁ በፊት አሳዩዋቸው። የቀረው ግድግዳው ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ ውስጥ ያየው እንዲህ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነበር። ትናንሽ ክፍሎች ስለመሰሉት ሴል ብሎ ሰየማቸው። ቡሹ የሞተ ነበር፣ ውስጡ ያለውን ሕይወት አላየም።

«የጉንጬ ሴል ቅርጽ የለውም»

ልክ ነው፣ የተስተካከለ ቅርጽ የለውም። የእንስሳ ሴል ግድግዳ ስለሌለው እንደ ሽንኩርቱ ጡብ አይሆንም። ያልተስተካከለ፣ አንዳንዴም የታጠፈ ነገር ነው የምታዩት። ያ ስህተት አይደለም፤ እንዳለ ሳሉት።

ካልታያችሁ ቀለም ይጎድላል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ቀለም ከሌለ ለአፍ ቁስል የሚሰጠውን ወይን ጠጅ ጂቪ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ተጠቀሙ። ጉንጩን የሚነካው ንጹህ የጆሮ ጥጥ ይሁን። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ፣ ከዚያ ወዲያው ይጣል።

ደም እንይ የሚሉኝ አሉ። አላደርገውም፤ በመርፌ በሽታ ይተላለፋል። ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው ለምን ተራ ውሃ አይሆንም? ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የሚሰፋ፣ ግድግዳ የሌለው ሴል ነው። ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ያፈነዳዋል። ለዚህ ነው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ሳላይን፣ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው። ሽንኩርት ውሃ ውስጥ የማይፈነዳው ግድግዳው ስለሚይዘው ነው። ይህን አንዴ የገባው ተማሪ በእንስሳና በዕፅዋት ሴል መካከል ያለውን ልዩነት አይረሳም።

«ክሎሮፕላስት ፈልጌ አጣሁ»

ክሎሮፕላስት በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ የሴል ክፍል ነው፤ ሽንኩርቱ ላይ የለም። ያ ክፍል ያደገው አፈር ውስጥ ነው፣ ብርሃን አያገኝም፣ ምግብ አያዘጋጅም። አረንጓዴ ለማየት በክረምት የደሴን የድንጋይ አጥር እዩ። እርጥበት ባለበት እንደ ምንጣፍ የምትለጠፍ አጭር አረንጓዴ ነገር አለች፣ ሞስ። ከቅጠሏ አንዷን በጥንቃቄ ነቅላችሁ በውሃ አድርጓት። ቅጠሏ በአብዛኛው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ስላላት መቁረጥም መላጥም አያስፈልግም። ቀለምም አትጨምሩ። አረንጓዴ ክብ ፍሬዎች ተደርድረው ታያላችሁ።

የድንች ስላይድ ከሆነና ሁሉም ጠቁሮ ከታያችሁ አዮዲኑ ወፍሯል። ስታርች በአዮዲን ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ቀጭን ሻይ እስኪመስል አቅጥኑት።

«እርሾው አልነፋም»

የደሴ እናቶች ሊጡን በጋቢ የሚጠቀልሉት በከንቱ አይደለም። እርሾ ሕይወት ያለው ሴል ነው። ስኳር በልቶ ጋዝ የሚያወጣው ሥራውን የሚያፋጥኑለት ፕሮቲኖች፣ ኢንዛይሞቹ፣ ሲሠሩ ነው፣ ብርድ ደግሞ ያዘገያቸዋል። ከ35 እስከ 40 ዲግሪ የሞቀ፣ ለብ ያለ ውሃ ስጡት፣ ትንሽ ስኳር ጨምሩ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። አንድ ቡድን ቸኩሎ የፈላ ውሃ አፍስሶበት ነበር። ያ እርሾ ሞቷል። ብርድ ያስተኛል፣ የፈላ ውሃ ግን ይገድላል። ኮምቦልቻ ላይ ያለማሞቅም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

«ማይቶኮንድሪያው የት አለ?»

ማይቶኮንድሪያ ለሴሉ ጉልበት የሚያዘጋጅ ጥቃቅን ክፍል ነው። የዚህ ችግር ምክንያት ብርሃን ራሱ ነው። የብርሃን ማይክሮስኮፕ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ አያሳይም። የማይቶኮንድሪያ ውፍረት ከግማሽ እስከ አንድ ማይክሮሜትር ነው። ከወሰኑ በላይ ነው፣ ግን ቀለም አልባና ብርሃን አሳላፊ ነው፣ አዮዲን ለይቶ አያሳየውም። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ደግሞ ከወሰኑ በ10 እጥፍ ገደማ ያንሳል። እሱን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

መፍትሄው አለመሳል ነው። ለፈተናው የመጽሐፉን ሥዕል በሌላ ገጽ አጥኑ። የቤተ ሙከራው ገጽ ላይ ግን ያያችሁትን ብቻ አስቀምጡ። በሰሜኑ ጦርነት ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጥተዋል። ለብዙ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ከሆነ የስልክ ካሜራ ዓይን ማያው ላይ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሁሉም ከፎቶው ይሳል።

ያቺ የጨው ውሃ ተማሪ ያን ቀን ያስረከበችኝ ሥዕል ላይ 12 ሴሎች ነበሩ። 12ቱም ተኮማትረዋል። ከጎኑ እነዚያኑ ሴሎች ሞልተው ስላቸዋለች። ከሥር፣ «ኑክሊየስ አላየሁም፣ አዮዲን አልተጠቀምኩም» ብላ ጽፋለች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።