ድርጅቶች በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ሲሳተፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን ትልልቅ የሕዝብ አገልግሎቶች በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችል ሶፍትዌር ላይ መቆም ከጀመሩ ቆይተዋል። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ነው፤ የፋይዳ መታወቂያም የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ የተባለ የመታወቂያ ሥርዓት መገንቢያ ሶፍትዌር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩን የሚጠቀም ድርጅት ሁሉ ከሚሠራው ማኅበረሰብ ጋር እንዴት አብሮ እንደሚኖር ያውቃል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የማነሣቸው በሥራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ነው፤ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

እሱም ኮዱን ወስዶ በጓዳ መለወጥና ለውጡን ወደ ዋናው ፕሮጀክት አለመመለስ ነው። አጀማመሩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ያወርዳል፤ የጎደለ ነገር ያገኛል፤ የኮንትራቱ ጊዜ አጭር ስለሆነም አልሚዎቹ የዋናውን ኮድ ፋይሎች ከፍተው የሚፈልጉትን ይጨምሩበታል። በርክክቡ ዕለት ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል።

አንድ ድርጅት የሕሙማንን መረጃ የሚይዝ ሶፍትዌር በዚህ መንገድ ወስዶ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር እንዲሠራ አደረገ። የቀን ስሌቱ ራሱን በቻለ ሞጁል (ተለይቶ በሚቆም የኮድ ክፍል) አልተጻፈም፤ በምዝገባ ቅጹ፣ በቀጠሮው፣ በወርኃዊ ሪፖርቱ፣ ቀን በሚታይበት ገጽ ሁሉ የዋናው ኮድ መስመሮች እየተሰረዙ በሌላ ተተኩ። ወራቱን የሚቆጥረው መስመር ከ1 እስከ 12 ብቻ ይሄድ ስለነበር በጳጉሜን የታከሙ ሰዎች ከሪፖርቱ ውጭ ቀሩ። ይህንንም ያስተዋለው አንድ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ እንጂ ኮዱን ከጻፉት አንዱ አልነበረም። ስህተቱ ታረመ፤ የታረመው ግን በዚያው ጓዳ ነበር። በኋላ ዋናው ፕሮጀክት የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን አዲስ ስሪት ሲያወጣ ድርጅቱ ሊጭነው አልቻለም፤ ቢጭነው የቀኑ ሥራ ሁሉ ይጠፋል፣ ባይጭነው የሕሙማኑ መረጃ ለአደጋ ይጋለጣል። ለውጡን የጻፉት አልሚዎች በዚያን ጊዜ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብተው ነበር፤ ምን እንደለወጡና ለምን እንደለወጡ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልተዉም።

ይህ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር። ሥራው ገና ሲታሰብ በፕሮጀክቱ የጉዳዮች መዝገብ (ችግርና ጥያቄ በሚመዘገብበት ገጽ) ላይ 13 ወር ያለው አቆጣጠር እንደሚያስፈልግ መጻፍ፣ ስሌቱን ለይቶ መሥራት፣ በትክክል መሥራቱን ከሚፈትሸው የመሞከሪያ ኮድ ጋር ለዋናው ፕሮጀክት ማቅረብ ብቻ በቂ ነበር። ለውጡ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሌላ አገር የሚገኝ አልሚ ኮዱን ሲነካ የእኛም ሙከራ አብሮ ይሠራል፤ ጳጉሜን የሚያበላሽ ለውጥም ከመግባቱ በፊት ይታወቃል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ በቅንብር የሚመረጥ አድርጎ መያዙ ይህ መንገድ እንደሚሠራ ያሳያል። ጊዜ የለንም የሚለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ያንን ጊዜ ድርጅቱ በእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ላይ እየደጋገመ ይከፍለዋል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ለወራት ተደብቆ የተሠራ ብዙ ሺህ መስመር ኮድ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ በሚቀርብ ጥያቄ) መላክ ነው። ማንም ሊገመግመው አይችልም፤ ከፋፍላችሁ ላኩት።

ሌላው ስህተት ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያ ስለተገኘ በጀት አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገለጥ፣ ቀዳዳው የተገኘበትና የዓለም ድረ ገጾች ትልቅ ክፍል የሚጠበቅበት የምስጠራ ሶፍትዌር ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ልገሳ ብቻ ያገኝ እንደነበር ታወቀ። የእኛ ድርጅቶች የግድ ዶላር ይላኩ ማለቴ አይደለም። አንድ አልሚ ከሥራ ሰዓቱ የተወሰነውን በግልጽ ለፕሮጀክቱ እንዲሰጥ በሥራ መዘርዝሩ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ሥራ በበዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ከዘገቡ በኋላ ሜንቴነሩን፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚንከባከበውን ሰው፣ እንደ ተቀጣሪ ማጣደፍም አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነው። ይህ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ለብዙ ዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ያስረክብ እያሉ ወተወቱት። በትዕግሥት እየረዳ እምነቱን ያተረፈ ሌላ ተሳታፊም ኃላፊነት ተጋራ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በዚያ ተሳታፊ በኩል በስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር (በስውር ለመግባት የሚያስችል ኮድ) መግባቱ ተደረሰበት፤ የደረሰበትም በርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባቱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን እንደዘገየ የመረመረ አንድ መሐንዲስ ነበር። የደከመ ሜንቴነር ላይ ግፊት መጨመር የሁላችንንም ደኅንነት ይጎዳል። ከማጣደፍ ይልቅ ችግሩ እንዴት እንደሚደገም በደረጃ ጻፉ፤ ከቻላችሁ መፍትሔውን አያይዙ።

ሶፍትዌሩ የሚሰጥበትን የአጠቃቀም ፈቃድ ሳያነቡ መጀመርም የተለመደ ነው። ቢኤስዲ የተባለው ፈቃድ ኮዱን በተዘጋ ምርት ውስጥ መጠቀም ይፈቅዳል፤ ጂፒኤል የተባለው ደግሞ የተለወጠውን ሶፍትዌር ለሌላ ካሰራጫችሁ ምንጭ ኮዱንም እንድትሰጡ ያስገድዳል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህንን ከአልሚዎቹ እኩል ማወቅ አለባቸው።

በድርጅቱ ስም በተከፈተ አንድ የጋራ አካውንት መሳተፍን ተዉ። ማኅበረሰቡ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰውን ነው። ወጣት አልሚዎች በራሳቸው ስም ይጻፉ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው የአማርኛ ትርጉም ማረም ወይም የአጠቃቀም መመሪያ ማሻሻል ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው። በኮዳቸው ላይ ሃያ አስተያየት ሲጻፍባቸው የሚደነግጡትን ወጣቶች አውቃቸዋለሁ፤ ገምጋሚው ያን ያህል ጊዜ የሰጣቸው ሥራቸውን ከቁም ነገር ስለቆጠረው ነው፤ አለቆቻቸውም ይህንኑ ሊነግሯቸው ይገባል። ከአንድ በላይ ሠራተኛ ይሳተፍ፤ አንዱ ሲለቅ ግንኙነቱ አብሮት እንዳይሄድ።

በመጨረሻም የደኅንነት ቀዳዳ ስታገኙ ለሁሉ በሚታየው የጉዳዮች መዝገብ ላይ አትጻፉት። አብዛኞቹ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ለዚህ የተለየ የኢሜይል አድራሻ አላቸው፤ በዚያ ላኩ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ጠብቁ፣ መልስ ከዘገየም በዚያው መስመር እንደገና ጠይቁ።