የብጉር መድኃኒት ሲያስቸግር፦ ምን ሆኖ ነው? ምን ይደረግ?

ለብጉር የተሰጣችሁ መድኃኒት ፊታችሁን ሲያስቸግር ቱቦውን ከመወርወራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ሊሠራለት ሲል ነው። ሌላው ደግሞ ቶሎ መተው ያለበትን ቅባት «ተስማማኝ» ብሎ ዓመት ይቀባል።

«ፊቴ ተቃጠለ፣ ተላጠ»

የተቀባችሁት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን ከሆነ መድረቅና መላጥ የሚጠበቅ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ማብዛቱ ላይ ነው። 10 በመቶው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከ2.5 በመቶው የሚብሰው በማቃጠሉ ነው፤ በማዳኑ እምብዛም አይበልጠውም። ዝቅተኛውን ውሰዱ። አዳፓሊን ደግሞ የአተር ፍሬ የምታክል ለሙሉ ፊት ትበቃለች፤ ማታ ፊት ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ቀቧት፣ ከላዩ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ጨምሩበት። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን አዳፓሊን ይቅር። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አለርጂ ነው፣ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅም ያነጣል። ማታ ተቀብታችሁ ጠዋት ሳትታጠቡ ነጠላ ተከናንባችሁ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ፣ ጥለቱ አገጫችሁን የነካበት ቦታ ላይ ቀለሙን ይለቃል።

«ጸሐይ አልችል አልኩ»

አዳፓሊንም፣ ለብጉር የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ዶክሲሳይክሊንም ቆዳን ለጸሐይ ያጋልጣሉ። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ማንም ልብ አይለውም። ጥር 11 ታቦት ለመሸኘት ሙሉ ቀን የምትቆሙ ከሆነ ጃንጥላና ኤስፒኤፍ 30 የጸሐይ መከላከያ ያስፈልጋችኋል።

«ጭራሽ ባሰብኝ»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዳፓሊን ብጉሩን ሊያባብሰው ይችላል። ያልፋል። ሠራ አልሠራም ለማለት 12 ሳምንት ስጡት።

«ኪኒኑ ደረቴን አቃጠለኝ»

ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። የሚሆነውም በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው ለሚተኛ ሰው ነው። በሙሉ ብርጭቆ ዋጡት፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትጋደሙ። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ በጾም ቀን እህል ስትቀምሱ አብራችሁ ውሰዱት። የብረት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሰዓቱን አራርቁ፣ ብረቱ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ለወራት ብቻውን መዋጥ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል፤ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር፣ ከ3 ወይም ከ4 ወር ባይበልጥ ጥሩ ነው። እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ አቁሙና በዚያው ቀን ታዩ።

«በሳምንት ጠርቶልኝ ነበር፣ ስተወው እንደ ጉድ ወጣብኝ»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ የስቴሮይድ ቅባት ጠባይ ነው። የቱቦውን ጀርባ አንብቡ፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለ የብጉር መድኃኒት አይደለም። ስም ሳይጻፍበት በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ «ማጥሪያ»ም ከሆነ ይኸው ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ቅላቱንና እብጠቱን ስለሚያፍን ፊት በሳምንት የዳነ ይመስላል። ከሥር ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጸጉር ይበቅላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ ጥቃቅን ብጉሮች ይወጣሉ። ስታቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያኔ ሰው ደንግጦ ወደ ቱቦው ይመለሳል። እባካችሁ አትመለሱ። ለወራት የተቀባችሁ ከሆነ ግን በድንገት ከመተው የቆዳ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቁማችሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ። ሲሄዱ ቱቦውን ይዞ መሄድ ነው፣ ሐኪሙ ከምንም በላይ እሱን ማየት ይፈልጋል።

«ግንባሬ ላይ ብቻ ነው»

ጸጉር ላይ ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት ታደርጋላችሁ? ሲቀልጥ ግንባር ላይ ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከግንባር አርቃችሁ ቀቡ፣ ጠዋት ታጠቡ። ጥቃቅን ሆኖ በጣም የሚያሳክክና በአንቲባዮቲክ የማይለቅ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

«ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ»

አይሶትሬቲኖይን የተባለውን ለከባድ ብጉር የሚሰጥ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ያያል፤ ቫዝሊን ይበቃዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያደርሳል፤ ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት አንስቶ ካቆመች አንድ ወር እስኪሞላት አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ መጠቀም አለባት። የጉበትና የደም ስብ ምርመራ ያስፈልጋል። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይወሰድም። ከጓደኛ ተካፍሎ የሚዋጥ ኪኒን አይደለም።

«አዲስ ነገር የለም ወይ?»

አለ። ክላስኮቴሮን የተባለ 1 በመቶ ክሬም እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የቆዳ ቅባት እንዲበዛ የሚያደርገውን ሆርሞን እዚያው ቆዳው ላይ ያግደዋል፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ ወንድም ሴትም ይቀባዋል፤ መቅላትና ማሳከክ ሊያመጣ ይችላል። ለብጉር የተሠራ ሌዘርም በ2022 እዚያው ተፈቅዷል።

«ብጉሩ ሄደ፣ ጥቁሩ ቀረ»

እኛ ቆዳ ላይ ጥቁሩ ከብጉሩ ይልቅ ይቆያል፣ ያፈረጠ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። አዜላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሁለቱንም ያክማል፣ ለእርጉዝም ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን ይቆጠቁጣል። ሎሚ አትቀቡ፤ ከጸሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳውን አቃጥሎ ሌላ ጥቁር ይጨምርበታል።