ያገለገለ ተች ስክሪን ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈትሻሉ?

ማይክሮሶፍት ለጣት ንክኪ ታስቦ የተሠራውን ዊንዶውስ 8ን እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጣ ወዲህ ተች ስክሪን ያላቸው ላፕቶፖች በየጊዜው እየበዙ መጥተዋል። በመሆኑም ጎንደር ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚፈልግ ተማሪ ወይም ነጋዴ አንዱ ዘንድ «ተች ነው» የሚባል ዕቃ ሊቀርብለት ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ሰው ጥሩ ኪቦርድ ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ለሚስል፣ ለሚያስተምር ወይም ሰነድ እያሰፋ ለሚያነብ ግን ተች ስክሪን በእውነት ይጠቅማል። ለዚህ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተሽ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ሲስተም፣ ቀጥሎም አባውት የሚለውን ይክፈቱና «ፔን ኤንድ ተች» ከሚለው ጎን የተጻፈውን ያንብቡ። በብዙዎቹ ላይ 10 የንክኪ ነጥቦችን (በአንድ ጊዜ አሥር ጣቶችን) እንደሚቀበል ተጽፎ ያገኙታል። ንክኪ እንደሌለው የሚገልጽ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ እንዲከፍተው ይጠይቁ፤ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚጫን ስክሪን አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱ የሚደበቀው በዚህ መንገድ ነውና።

ቀጥሎ ፔይንት የተባለውን የዊንዶውስ መሳያ ፕሮግራም ይክፈቱና ጣትዎን ሳያነሡ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ፣ ከዚያም ዝቅ እያሉ፣ መስመሮችን አቀራርበው ያስምሩ። መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ያ የስክሪኑ ክፍል ሞቷል ማለት ነው። የፔይንት ሜኑ የሚሸፍነውን የላይኛውን ክፍል ለመፈተሽ አንድ መስኮት በአናቱ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱ። ማዕዘኖቹን አይዝለሉ፤ መስኮቶች የሚዘጉበት የX ምልክት ያለው እዚያው ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በባትሪ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይድገሙት። የዘመኑ ላፕቶፖች ስክሪን ንክኪን የሚያውቀው ጣት ሲቀርበው የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ስለሆነ ጥራት የሌለው ቻርጀር ወይም ምድር መስመር የሌለው ሶኬት ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ቻርጀሩ ሲነቀል የሚስተካከል ከሆነ ጥርጣሬው በቻርጀሩ ወይም በሶኬቱ ላይ ያርፋል፤ በባትሪም ጭምር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ባይገዙት ይመረጣል።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ሱቁ በር አውጥተው የጎንደር ፀሐይ እያለ ጽሑፍ ያንብቡበት፤ አብዛኞቹ ተች ስክሪኖች መስታወታቸው አንጸባራቂ ነው። መስታወቱ ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የጥገናውን ዋጋ አስቀድመው ባለሙያ ይጠይቁ፤ በብዙ ሞዴሎች መስታወቱና ስክሪኑ አንድ ላይ የተጣበቁ በመሆናቸው አንዱን ለይቶ መቀየር አይቻልም። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማጠፊያውን ቀስ ብለው ዙሪያውን አዙረው ድምፅ ወይም መላላት መኖሩን ይመልከቱ።

ከገዙ በኋላ ስክሪኑን አጥፍተው በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የጣት ቅባቱ ከጸና ጨርቁን በጥቂት ውኃ ያርጥቡት እንጂ ፈሳሽ በቀጥታ አይርጩበት። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ተች ስክሪኑ እንደሚሠራና በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚችሉ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።